ለአረፋ አትደርስም

መኪና በእኛ አፍ ሴት ናት። መጣች፣ ቆመች፣ ተበላሸች፣ ዳገት አትችልም እንላለን። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው ወሬው ስለ መኪና ይሁን ስለ ሰው መለየት አይችልም። ሰሚዋ የስምንት ዓመት ልጅ ከሆነች፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ አዲስ መኪና ተበላሽታ ከቆመች ጭራሽ አይሆንላትም። እኔን የገጠመኝ ይህ ነው።

አባቴ ጠሀ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። ቤታችንም መጋዘናችንም ጭድ ተራ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ጭድ ተራ ይባል እንጂ እኔ ተወልጄ እስካድግ አንድ እፍኝ ጭድ አይቼበት አላውቅም። አባቴ መኪናዋን ወደዚያ ግቢ ያስገባት ክረምቱ ሊጀምር ሲል ነው። እንደ ሌላ መኪና አልነበረችም። ውስጧ አልጋ አላት፣ ትንሽ ምድጃ አላት፣ እቃ ማጠቢያና የውሃ ታንከር አላት። አንድ አስመጪ ለአስጎብኚዎች ብሎ አስገብቷት፣ እነሱ ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ቆማ የቀረች ናት። ዜሮ ዜሮ ነበረች፤ ወንበሩም ፍራሹም ከነላስቲኩ።

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። የመጋዘኑ ተሸካሚዎች «ጋሼ ጠሀ ባለ ጎማ ሰርቪስ ቤት ገዙ፤ በወር ስንት ያከራዩት ይሆን?» ይባባሉ ነበር። አባቴ ቀልድ የማያውቅ፣ ከሱቅ መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልጋ ያላት መኪና ምን ያደርግለታል? ስጠይቀው «ለአረፋ አገር ቤት የምንገባባት ናት። እናትሽ ተኝታ ትሄዳለች» አለኝ። እኔ ደስታ ገደለኝ። እየሄዱ መተኛት! ከዚያ በላይ ምን ድሎት አለ?

የስልጤ ነጋዴ ለአረፋ አዲስ አበባ አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ ብር ብር ሲል የከረመው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ጭኖ አገሩ ይገባል። እናቴ ሰአዳ ግን ሁለት አረፋ ቀርታ ነበር። እግሯ ያብጣል። «ወፈርኩ እኮ፣ አባትሽ ሥጋ አበዛብኝ» ትለኛለች፣ እኔም አምናለሁ። ማታ ሦስት ትራስ ደርድራ ቁጭ ብላ ነበር የምትተኛው። ለእኔ ይህ የትልቅ ሴት አተኛኘት ነበር። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ከቅበት ወዲያ ባለች መንደር ትኖራለች። «ዘንድሮ ካልገባሁ እናቴን አላገኛትም» ትል ነበር እናቴ ደጋግማ። አያቴ ስላረጀች መሰለኝ። አያቴ ዛሬም አለች፤ ባለፈው ወር ሄጄ ጠይቄያታለሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ አዲሲቷ መኪና ገመናዋን አወጣች። ጣሪያዋ በስፌቱ በኩል አልጋው ላይ ያንጠባጥባል። የጎን በሯ ተንሸራቶ ሄዶ ጫፍ ላይ አልይዝም ይላል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ደግሞ ውሃ እየወጣ ወለሉን ኩሬ ያደርገዋል። አባቴ ስልክ መታ። ሃብታሙ የሚባል ሸሚዙን ያስተኮሰ ወጣት ከአስመጪው ድርጅት መጣ።

«ጋሼ ጠሀ፣ ምንም አያስቡ፤ ጋራንቲ አላት» አለ ገና ከመግባቱ።

«ጋራንቲ ምንድነው?» አልኩት አባቴን።

አባቴ ትንሽ አሰበና «የሸጠው ሰው ‹ብትበላሽ እኔ አለሁ› ማለቱ ነው» አለኝ።

ሃብታሙ እቃ ማጠቢያው ሥር በደረቱ ተኝቶ በስልኩ መብራት ሲያይ ቆየና ወጣ። «ቫልቩ ነው» አለ። «አልዘጋ ብሏል። ወደፊት የሄደውን ወደ ኋላ ይመልሳል። እቃው ይታዘዝልዎታል፤ ጣሪያውንም በሩንም ያኔ አንድ ላይ እናየዋለን። እስከዚያ ሌላ ሰው እንዳይነካት። ሌላ እጅ ከገባባት ጋራንቲው ይወድቃል።»

ቫልቭ የሚለውን ቃል በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው። ጣመኝ። ቀኑን ሙሉ ቫልቭ፣ ቫልቭ እያልኩ ግቢውን ዞርኩበት።

ከዚያ በኋላ ሃብታሙ የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ሆነ፦ ጅቡቲ። አባቴ በደወለ ቁጥር እቃው ጅቡቲ ደርሷል፣ ጅቡቲ ቆሟል፣ ከጅቡቲ ሊወጣ ነው። ጅቡቲ በእኔ አእምሮ እንደ ጤና ጣቢያ ያለ ሰፊ ክፍል ነበረች። እቃዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ፤ የእኛ ቫልቭ ጥግ ላይ ነው፣ ማንም አይጠራውም።

በዚያው ሰሞን አባቴና እናቴ «ዘመድ ጥየቃ» ብለው ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ተመለሱ። እናቴ ገብታ ተኛች። አባቴ መጋዘኑ ውስጥ ከታላቅ እህቱ ከአክስቴ ሀስና ጋር ተቀመጠ። እኔ የብርድ ልብስ ክምር ላይ ወጥቼ እየተጫወትኩ ነበር። እዚያ መኖሬን አላወቁም።

«ቫልቩ ነው አለኝ» አለ አባቴ። «አይዘጋም። ወደ ኋላ ይመልሳል።»

«አይቀየርም?»

«ቀደም ብሎ ቢሆን ይቀየር ነበር አለ። አሁን ግን አትችለውም። ውሃም ይዛለች።»

አክስቴ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ «እሷ እንዳትሰማ» አለች። «አብሽር ወንድሜ። እሷ ግን እንዳትሰማ።»

እሷ ያለቻት እናቴ መሆኗ ገባኝ። አገር ቤት የምትገባባት መኪና መበላሸቷን ሰምታ እንዳታዝን ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ወሬ ውስጥ በትክክል የገባኝ ይህ ቁራጭ ብቻ ነበር።

ማታ እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ሹሩባዬን እየፈታች «ዱንዬ፣ አባትሽና ሀስና መጋዘን ውስጥ ምን ሲያወሩ ነበር?» አለችኝ።

«ስለ መኪናዋ» አልኩ።

«ምን አሉ ስለ መኪናዋ?»

እንዳትሰማ መባሉን አስታወስኩ። ግን እናት ጠይቃ ልጅ ዝም ይላል? የሰማሁትን ቃል በቃል አወጣሁላት። አይዘጋም፤ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቀደም ብሎ ቢሆን ይቀየር ነበር፤ አሁን አትችለውም፤ ውሃም ይዛለች። ጣቶቿ ጸጉሬ ውስጥ ቆሙ። ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።

«አትችለውም አሉ?»

«አዎ። ግን ጋራንቲ አላት እኮ፣ እማ» አልኳት ላጽናናት ብዬ። «ብትበላሽ እኔ አለሁ ብሏል የሸጣት ሰውዬ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ትከሻዬን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሹሩባውን ካቆመችበት ቀጠለች። «አንቺ እኮ ሬዲዮ ነሽ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ሬዲዮ ነሽ። ስለ መኪናዋ የሰማሽውን ማታ ማታ ለእኔ ታሰሚያለሽ። ለእነሱ ግን ነገርኳት እንዳትዪ። መስማቴን ካወቁ ይጨነቃሉ።»

ሬዲዮ ሆንኩ። እንደዚያ ሰሞን ያለ ሥራ በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም። ብርድ ልብስ ክምር ላይ እወጣለሁ፣ መጋረጃ ሥር እቀመጣለሁ፣ የወሬ ልቃሚ እሰበስባለሁ። ማታ እናቴ «ዜና አለ?» ስትለኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ እጀምራለሁ። «ዳገት አትችልም ተብሏል።» «ረጅም መንገድ ቁጭ ብላ አትሄድም፣ ተኝታ ነው እንጂ ተብሏል።» አንድ ቀን «ውሃውን የሚያስወጣ ክኒን ጨምረውላታል» ብዬ አሰማሁ። ይህ ትንሽ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ግን ባትሪም ውሃ ይጠጣል፣ መኪና ክኒን ብትውጥ ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። እናቴ «ክኒኑስ ጥሩ ነው፤ ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ» አለችና እንደገና ሳቀች። እኔም መኪና ሽንት ቤት ስትሄድ እየታየኝ አብሬያት ሳቅሁ።

አሁን ያን መጋዘን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጥግ ላይ የብርድ ልብሱ ክምር እንዳለ ነው። አንዳንዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ አየዋለሁ። እዚያ ላይ ወጥቼ የለቀምኩትን ሁሉ በገዛ እግሬ ተሸክሜ፣ ደስ እያለኝ፣ ለእናቴ አደርስላት ነበር። ሐኪሙ ስለ ልቧ ያለውን ባሏ ሊነግራት አልቻለም። ሀስና አልቻለችም። በእኛ ዘንድ የታመመን ሰው ሕመሙን አይነግሩትም፤ ሁሉም ሰው አውቆት እሱ ብቻ እየተሻለው ይከርማል።

ክረምቱ ወጣ። አረፋ እየቀረበ ሲመጣ መርካቶ ገበያው ደራ። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲጮህ ሰማሁት። አባቴ ይጮኻል ብል ሰፈሩ አያምነኝም።

«ጅቡቲ፣ ጅቡቲ፣ ጅቡቲ ትለኛለህ። እኔ ጊዜ የለኝም፤ ገባህ ልጄ? ጊዜ የለኝም።»

ስልኩን ዘግቶ ገባ። የገበያ ሰሞን ስለሆነ ነው ጊዜ የለኝም ያለው ብዬ ነበር። አክስቴ ሀስና ተነስታ «ምን አለህ?» አለችው።

አባቴ ክምሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ተቀመጠ።

«ለአረፋ አትደርስም አለኝ» አለ።

ያለው ሃብታሙ መሰለኝ፤ ስልኩን የዘጋው ገና አሁን ነዋ። አባቴ ያን ቀን ጠዋት ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ እንደነበር የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ካደግሁ በኋላ።

ማታ እስኪሆን አልጠበቅሁም። እያለቀስኩ ነበር የገባሁት። እናቴ ትራሶቿን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ዜና አለ?»

«ለአረፋ አትደርስም አሉ» አልኳት። አልጋዋ፣ ምድጃዋ፣ ተኝቼ የምሄድበት መንገድ፣ አዲሱ ቀሚሴ፣ ሁሉ ነገር በአንድ ቃል ቀረ። «ለአረፋ አትደርስም እማ። በቃ ቀረን።»

እናቴ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ፊቴን ጠረገችበት። ከውጭ የጋሪ ጩኸት፣ የተሸካሚዎች «መንገድ፣ መንገድ» ይሰማል። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«እንግዲያው ከአረፋ እንቀድማለን» አለች።

ማታውኑ አባቴ ሲገባ «ጠሀ፣ ለአረፋ ሰሞን መንገዱ ሰው አያሳልፍም» አለችው፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ሁሉ። «ዘንድሮ ቀደም ብለን እንግባ። ነገ።»

«መኪናዋ አልተሠራችም እኮ ሰአዳ።»

«በሯን በገመድ እሰርልኝ። የምተኛባት እኔ ነኝ፣ ሃብታሙ አይደለም።»

አባቴ አያት። እሷም አየችው። አንዳቸውም የሚያውቁትን አልተናገሩም። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ነገ መሄዳችንን ብቻ ሰምቼ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ጠዋት አባቴ ምን አለሽ ተራ ወርዶ ዱባለን ይዞት መጣ። ዱባለ ከአሮጌ ጣሳና ከበርሜል ምድጃ የሚሠራ፣ ለመጋዘናችንም ቁልፍና ማጠፊያ የሚያበጅ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ ጠሀ፣ አዲስ ናት እኮ። እኔ ከነካኋት ጋራንቲው አይወድቅም?»

«ይውደቅ» አለ አባቴ።

ዱባለ የሚያብረቀርቀውን በር በስቶ የቆርቆሮ ማንጠልጠያ ገጠመበት። የጣሪያውን ስፌት በሬንጅ ለቀለቀው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ገብቶ ወጣና «ይሄን እኔ አልችልም፤ ውሃውን ዘግቼዋለሁ» አለ። እናቴን አባቴና አክስቴ ደግፈው አሳፈሯት። አባቴ ሊነዳ ገባ፣ አክስቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከእናቴ ጋር አልጋው ላይ። በሕልሜ እንዳየሁት ተኝተን ሄድን።

አለም ገናን እንዳለፍን እናቴ ጀርባዋን አላባት። ፍራሹ ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነበር፤ በተገላበጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። «ይሄን ላስቲክ አንሱልኝ» አለች። እኔ ደነገጥኩ። በእኛ ቤት የአዲስ እቃ ላስቲክ አይነሳም፤ ሶፋችን እንኳ ለአራት ዓመት ከነላስቲኩ ነበር የተቀመጥንበት። አባቴ መኪናዋን ዳር አቁሞ ወደ ኋላ መጣ። እናቴን ወደ አንድ ጎን አቅፎ አነሳትና ላስቲኩን በጥርሱ ነክሶ ቀደደው፣ ከዚያ በሁለት እጁ ሸረከተው። ሲሸረክት ያለቅስ ነበር። ላስቲክ ተቀድዶ የሚያለቅስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ጋራንቲው እጅግ ትልቅ ነገር መሆኑን ያኔ አመንኩ።

ጉዞ ስንቀጥል እናቴ ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበችው።

«ሬዲዮ፣ ዛሬ እኔ ዜና ልስጥሽ። ለአባትሽ የምታሰሚው።»

«እሺ።»

«‹እማ ታውቅ ነበር› በይው። ‹ቅር አላላትም› በይው።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እሱ ይገባዋል።»

«አሁን ልንገረው?»

«አሁን አይሆንም፤ እየነዳ ነው።» ትንሽ አሰበች፣ የለመድኩት ተንኮል ፊቷ ላይ መጣ። «ቫልቩ ከጅቡቲ የገባ ቀን ንገሪው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ቫልቩ ከጅቡቲ እንደማይገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መኪናዋ ቡታጅራን አለፈች፣ ቅበትን አለፈች። የመንደሩ ዳገት ሥር ስትደርስ ግን ጭቃው ያዛትና ቆመች። ዳገት አትችልም ተብሎ የለ። የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ወረዱ፣ እናቴን ተሸክመው ወጡ። አያቴ ከላይ ሆና እጇን ዘርግታ ትጠብቃት ነበር። እናቴ ቀና ብላ «መጣሁልሽ» አለቻት። እኔ ከኋላ ላስቲኩን ይዤ እከተላለሁ፤ ምናልባት ሃብታሙ መልሶ ይለጥፈው ይሆናል ብዬ አጥፌ ይዤው ነበር።

እናቴ እናቷ ጎን፣ በእናቷ ቤት፣ ጥቂት ቀን ተኛች። አረፋን አላየችም። አረፋ የዋለ ቀን መንደሩ ሁሉ ከሶላት ተመልሶ እኛ ቤት ገባ፤ ማንም እንኳን አደረሳችሁ አላለም።

መርካቶ ተመልሰንም ሊያጽናናን ለተዕዚያ የሚመጣ ሰው ከግቢያችን አልጠፋም። አባቴ መጋዘኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዎች እየገቡ ዱዓ አድርገው ይወጣሉ። ስልኩን እኔ ነበርኩ የምይዝለት። አንድ ቀን ጠራ።

«ጋሼ ጠሀ አሉ?» አለ። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት።

«ሰው ጋር ነው።»

«ሃብታሙ ደውሏል በይልኝ እሺ? ቫልቩ ከጅቡቲ ገብቷል። መኪናዋን ነገ ያምጧት፤ እኛ አለን በይልኝ።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። መኪናዋ ልትሠራ ነው፤ ከዚያም በላይ አደራዬ ደርሷል፣ የእማን ዜና የማሰማበት ቀን ይኸው መጣ። ጫማዬን ሳላወልቅ ምንጣፉ ላይ ሮጬ ገባሁ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«አባ፣ ቫልቩ መጣ» አልኩት። «ከጅቡቲ ገባ። ይቀየርላታል።»

አባቴ ቀና አለ። ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው አየኝ።

«የማን?» አለ።

ለምን እንደዚህ ብሎ ጠየቀ? መኪናችን አንድ ናት፣ ቫልቩም አንድ ነው። አክስቴ ሀስናን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ያኔ ለእናቴ ያሰማሁት ዜና ሁሉ ወደ እኔ ተመለሰ። አይዘጋም። ውሃም ይዛለች። ዳገት አትችልም። ክኒን ጨምረውላታል። ለአረፋ አትደርስም። ጸጉሬ ውስጥ የቆሙት ጣቶች፣ ፊቴን የጠረገችበት ሻሽ። ፊቱ ተቀመጥኩ።

«የመኪናዋ» አልኩት ቀስ ብዬ።

አንገቱን ነቀነቀ። «አዎ፣ የመኪናዋ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሁሉ።

«እማ ታውቅ ነበር አባ» አልኩት። «ንገሪው ብላኛለች። ቅር አላላትም።»

አባቴ እጄን ያዘ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን» አልኩት። «እኔ ነግሬያት።»